ወረቀት የሌለው ሰው ሲያረጅ

ጤፍ ያረመ ሰው ወገቡን ያውቀዋል። ጠዋት ጎንበስ ያለ ሰው ማታ ቀና ልበል ሲል ወገቡ እሺ አይለውም። እጁን ጀርባው ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ነው የሚቃናው። ደግነቱ አረም የጥቂት ሳምንት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ እረፍት አለ፣ በዓል አለ፣ ሌላም ሥራ አለ።

አሁን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሰው እናስብ። ለአንድ ዓመትም አይደለም፤ ለ30 ዓመት፣ ለ40 ዓመት ነው። ማሳው የራሱ አይደለም። ፍሬው የራሱ አይደለም። አገሩም የራሱ አይደለም። በመጨረሻ ጉልበቱ አልቆ ሲታመም ሐኪም ቤት ይሄዳል። «ወረቀትህ የት አለ?» ቢሉት ምን ይመልሳል?

በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው ስለዚህ ሰው ነው። የሚኖረው በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ በምትባለው ክፍለ ሀገር ነው። አገሩ ሩቅ ነው። ነገሩ ግን ለገበሬ እንግዳ አይደለም። ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ይህን ያዙልን።

«ወረቀት» ምንድን ነው?

ወረቀት ማለት እዚህ ላይ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። አንድ ሰው በሰው አገር እንዲኖርና እንዲሠራ መንግሥት የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ልጅ ወይም ዘመድ ውጭ አገር ያላችሁ ቃሉን ታውቁታላችሁ። «ወረቀት አገኘ» ሲባል ቤተ ዘመድ እልል ይላል። «ገና ወረቀት የለውም» ሲባል ደግሞ ሁሉም ዝም ይላል።

አሜሪካ ውስጥ ያለ ወረቀት የሚኖሩ ሰዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። አንዳንዶቹ ድንበር በእግራቸው ተሻግረው የገቡ ናቸው። ሌሎቹ በቪዛ ገብተው፣ ቀኑ ሲያልፍ እዚያው የቀሩ ናቸው። ብዙዎቹ ሲመጡ ጎረምሶች ነበሩ። ዛሬ ፀጉራቸው ሸብቷል።

ባልና ሚስቱ

ነገሩ እንዲገባን አንድ ባልና ሚስት እናቁም። ለምሳሌ ያቆምናቸው ስለሆኑ ስም አላወጣንላቸውም። እንደነሱ ያሉት ሰዎችም ቢሆኑ ስማቸው ባይጠራ ይመርጣሉ። በእነዚህ ባልና ሚስት ላይ የምናወራው ነገር ግን በእውነት በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው።

ባልየው የተወለዱት ሜክሲኮ፣ ኦዋሃካ በሚባለው ተራራማ አገር ነው። ቤተ ሰባቸው በቆሎ ይዘራ ነበር። መሬቲቱ ጠባብና ዳገት ናት፤ ለስንት ወንድማማች ትበቃለች? አፋቸውን የፈቱት በሚሽቴክ ቋንቋ ነው። ስፓኝኛን የተማሩት በኋላ፣ በሥራ ላይ ነው። ትምህርት ቤት የቆዩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በ1989፣ በ28 ዓመታቸው፣ ድንበር ተሻገሩ። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብለው ነበር። ይህን ሳይል የወጣ ስደተኛ አለ?

አራት ዓመት ቀድመው መጥተው ቢሆን ኖሮ ዕድላቸው ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። በ1986 አሜሪካ አንድ የምሕረት ሕግ አወጣች። ከ1982 በፊት ገብተው የኖሩ ሰዎች ወረቀት እንዲያገኙ ፈቀደች። በእርሻ ላይ ለሠሩት ደግሞ እስከ ግንቦት 1986 በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ 90 ቀን መሥራታቸው በቂ ሆነ። በዚያ ሕግ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ወረቀት አገኙ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሰፊ ምሕረት አልወጣም። እኒህ ሰው የደረሱት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ሥራቸው

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ዋኪን የሚባል ረጅም ሸለቆ አለ። ዓይን እስኪደክም ማሳ ነው። ወይን፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ብርቱካን ይበቅልበታል። ወደ ባሕሩ ዳር ደግሞ እንጆሪና ሰላጣ አለ። አሜሪካ ከምታመርተው አትክልት ከሦስት እጅ አንዱን የምታወጣው ይህች አንዲት ክፍለ ሀገር ናት። ከፍራፍሬው ደግሞ ከአራት እጅ ሦስቱ ከእሷ ነው። በአሜሪካ እርሻ ላይ በቅጥር ከሚሠሩት ሰዎች ከ10ሩ 4ቱ ያህል ወረቀት የላቸውም። እንግዲህ አስቡት፤ እነዚህ ሰዎች አንድ ሳምንት ቤታቸው ቢቀሩ ፍሬው ዛፉ ላይ ይበሰብሳል።

ስለ አንድ መሣሪያ እናውራ። ድሮ በዚያ አገር አጭር መኮትኮቻ ነበረች። ሠራተኞቹ «ኤል ኮርቲቶ» ይሏታል፤ «አጭሯ» ማለት ነው። እጀታዋ ከክንድ አይበልጥም። በእሷ የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ እጥፍ ብሎ ነው የሚውለው። ታዲያ ለምን አላስረዘሟትም ትላላችሁ። አሠሪዎቹ «ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል» ይሉ ነበር። ሠራተኞቹ ግን ሌላ ምክንያት ያውቃሉ። በአጭሯ የሚሠራ ሰው ቀና ካለ መሥራቱን አቁሟል ማለት ነው። አለቃው ከሩቅ ሆኖ ይለየዋል። ሐኪሞች የሠራተኞቹ አከርካሪ መበላሸቱን መሰከሩ፤ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ወሰደ። በ1975 አጭሯ መኮትኮቻ በካሊፎርኒያ ተከለከለች። የእጀታ ርዝመት በሕግ ሲወሰን ገበሬ የሆነ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

እኒህ ሰው የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አጭሯን አልያዟትም። እንጆሪ ግን ዛሬም በእጅ፣ ጎንበስ ተብሎ ነው የሚለቀመው። ክፍያው ብዙ ጊዜ በሣጥን ስለሆነ ቀና ብሎ ማረፍ ገንዘብ ያስቀራል። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ውኃ ሳይጠጡ በሙቀት መዋል ኩላሊት ይጎዳል። ለተባይ የሚረጨው መርዝ ቆዳና ሳንባ ይነካል። አቧራው ራሱ በሽታ አለው። በዚያ አፈር ውስጥ የሚኖር ሻጋታ ከአቧራ ጋር ወደ ሳንባ ይገባና «የሸለቆ ትኩሳት» የሚሉትን ሕመም ያመጣል። ያስላል፣ ያተኩሳል፣ ያከሳል። የሳንባ ምች ይመስላል። በሽማግሌና በስኳር በሽተኛ ላይ ይበረታል።

ዛሬ እኒህ ሰው ከ60 ዓመት አልፈዋል። ጉልበታቸው ያብጣል። ወገባቸው ሌሊት አያስተኛም። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ስኳር ነው።

የስኳር በሽታና የድንገተኛው በር

የስኳር በሽታ ምን ዓይነት በሽታ እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን የሚሄድ አይደለም። በየቀኑ ኪኒን ወይም መርፌ ይፈልጋል። ደም መለካት ይፈልጋል። ዓይን መታየት አለበት። እግር በየማታው መታየት አለበት፤ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ስለሚደነዝዝ እሾህ ቢወጋው ላያውቅ ይችላልና። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ረጅም ዕድሜ ይኖራል። የማያደርግ ሰው ዓይኑን፣ ኩላሊቱን ወይም እግሩን ያጣል።

አሁን የአሜሪካን ሕግ እንመልከት። በ1986 የወጣ ሌላ ሕግ አለ። ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ሲመጣበት፣ ገንዘብም ወረቀትም ሳይጠይቅ መርምሮ ከአደጋው እንዲያወጣው ያዛል። ይህ መልካም ሕግ ነው። ስንት ሰው አድኗል። ነገር ግን ቃሉን ልብ በሉ፤ «ድንገተኛ» ነው የሚለው። የየቀኑን ኪኒን አይሰጥም። የእግር ምርመራ አይሰጥም። እግሩ ላይ ትንሽ ቁስል ያለው ሰው በዚህ በር አይገባም። ቁስሉ መግሎ፣ መርዙ ወደ ደም ሲገባ ያን ጊዜ ይገባል። ያን ጊዜ ደግሞ ሐኪሙ የሚይዘው መጋዝ ነው።

ይህ ለሰውየው ክፉ ነው። ለመንግሥቱ ካዝናም ቢሆን አይበጅም። እግር ከመቁረጥ ኪኒን መስጠት እንደሚረክስ ለማወቅ ሂሳብ መማር አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚከብደው የኩላሊት ነገር ነው። ኩላሊት ደም የሚያጣራ ወንፊት ነው። ሲበላሽ ሰውየው በመኪና ደሙን መታጠብ አለበት። በሳምንት ሦስት ቀን ይታጠባል፤ እያንዳንዱም ጊዜ ሰዓታት ይወስዳል። በብዙ የአሜሪካ ክፍለ ሀገሮች ግን ወረቀት የሌለው ሰው የሚታጠበው «ድንገተኛ» ሲሆን ብቻ ነው። ይህ ምን ማለት ነው? ውኃ ሳንባው ውስጥ ሞልቶ ትንፋሽ ሲያጥረው ይመጣል። ደሙን ይመረምሩታል። በደሙ ያለው ጨው ልቡን ሊያቆም ከደረሰ ይታጠባል። ካልደረሰ «ገና አልባሰብህም» ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገ ብሶበት ይመጣል። በየሳምንቱ እንዲህ ነው፤ በየሳምንቱ ከሞት ደጃፍ ደርሶ ይመለሳል።

በዴንቨር ከተማ የሚሠሩ ሊሊያ ሰርቫንተስ የሚባሉ ሐኪም ይህ ነገር እረፍት ነሳቸው። ከሌሎች ሐኪሞች ጋር ሆነው አጠኑት። በሁለት ከተሞች፣ በዴንቨርና በሂዩስተን፣ ሲብስባቸው ብቻ የሚታጠቡትን ተመለከቱ። በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚታጠቡትን ተመለከቱ። ሁሉም ወረቀት የሌላቸው ናቸው። በሽታውም አንድ ነው። በ2018 የታተመው ጥናታቸው እንደሚለው፣ ሲብስባቸው ብቻ የሚታጠቡት በአምስት ዓመት ውስጥ የመሞት አደጋቸው 14 እጥፍ ነበር። ልዩነቱ የተኙበት ከተማ ሕግ ነው። በ2019 ዴንቨር ያለችበት ኮሎራዶ ሕጓን ለወጠች። የኩላሊት መድከም ራሱ ድንገተኛ ነው አለች። ከዚያ ወዲህ እዚያ ያሉት በሽተኞች በየሳምንቱ እንደማንኛውም ሰው ይታጠባሉ። ብዙ ሌሎች ክፍለ ሀገሮች ግን አልተከተሏትም።

የተቆረጠው ገንዘብ

«ግብር ያልከፈለ ሰው ምን ብሎ ሕክምና ይጠይቃል?» የሚል ሰው አለ። አሜሪካ ውስጥም ይህን የሚሉ ብዙ ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን እንየው።

አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር የሚባል የሽማግሌዎች የጤና መድን አለ። የቆመው በ1965 ነው። ሰው 65 ዓመት ሲሞላው ይገባበታል። ገንዘቡ የሚመጣው ከሠራተኛ ደመወዝ ነው። ከ100 ዶላር ላይ 1 ዶላር ከ45 ሳንቲም ይቆረጣል፤ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ለጡረታ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይቆረጣል። ወረቀት የሌላቸው ብዙ ሠራተኞች የሌላ ሰው ወይም የፈጠራ ቁጥር ሰጥተው ይቀጠራሉ። ይህ ራሱ ከሕግ ውጭ ነው፤ አንደብቀውም። ገንዘቡ ግን ከደመወዛቸው ላይ በትክክል ይቆረጣል። በአንድ የግብር ጥናት እንደተሰላው፣ በ2022 ብቻ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች 6.4 ቢሊዮን ዶላር ለሜዲኬር ከፍለዋል። ለጡረታው 25.7 ቢሊዮን ከፍለዋል። ሲያረጁ ግን ሜዲኬርም ጡረታም አያገኙም። እንደ ዕቁብ ብናስበው፣ በየሳምንቱ ጥሎ ዕጣ የማይደርሰው ሰው ማለት ነው።

በገንዘባቸው መድን ልግዛ ቢሉስ? በ2010 የወጣው ሕግ መንግሥት ባቆመው የመድን ገበያ ሙሉ ዋጋውን ከፍለው እንኳ እንዳይገዙ ይከለክላቸዋል።

«ታዲያ አገራቸው ለምን አይገቡም?» ትሉ ይሆናል። እኛም ይህን ጠይቀናል። ድሮ ሠራተኛው በመከር መጥቶ በክረምት ይመለስ ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ ድንበሩ ጠበቀ። አንዴ የወጣ ሰው ተመልሶ ለመግባት በበረሃ ማለፍ አለበት፤ በበረሃው ደግሞ ብዙ ሰው በጥምና በሙቀት ሞቷል። ስለዚህ የገባው እዚያው ቀረ። ወለደ፣ ዳረ፣ አያት ሆነ። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ አሜሪካውያን ናቸው። የትውልድ አገሩ ያለችው የበቆሎ መሬት ለወንድም ልጅ አልፋለች። እናትና አባቱን የቀበረ እንኳ የለም፤ ሲሞቱ በስልክ ነው የሰማው።

የተከፈተው በር፣ የተዘጋው በር

አሁን ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ።

ካሊፎርኒያ ለድሆች ያቆመችው የጤና መድን አላት። ሜዲ-ካል ይባላል። በግንቦት 2022 ካሊፎርኒያ አንድ ትልቅ ነገር አደረገች። ዕድሜው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ድሃ ሁሉ፣ ወረቀት ባይኖረውም፣ ሙሉ መድን እንዲያገኝ ፈቀደች። በጥር 2024 ደግሞ ለሁሉም ዕድሜ ፈቀደች። ኢሊኖይ የምትባለው ክፍለ ሀገር በ2020 መጨረሻ ከ65 ዓመት በላይ ላሉት ከፍታ ነበር። ኒውዮርክም በ2024 ለእነዚህ ሽማግሌዎች ከፈተች።

ባልየው በ2022 ተመዘገቡ። በ33 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የመድን ካርድ ኪሳቸው ገባ። ዓይናቸውን ታዩ። እግራቸውን ታዩ። ኪኒናቸውን ከዘመድ በልመና ማስመጣት ቀረላቸው።

ባለቤታቸው ግን አልተመዘገቡም። ያን ጊዜ 54 ዓመታቸው ነበር፤ ይፈቀድላቸው ነበር። ፈሩ። ለምን ፈሩ? በ2020 ሥራ ላይ የዋለ አንድ የመንግሥት ደንብ ነበር። የመንግሥት እርዳታ የተቀበለ ስደተኛ ወረቀት ሊከለከል ይችላል የሚል ነበር። ደንቡ በ2021 ተሻረ። ወሬው ግን አልተሻረም። ሕግ ሲሻር በአንድ ቀን ነው፣ ፍርሃት ግን ከሰው ልብ ቶሎ አይወጣም። እሳቸው ደግሞ «አንድ ቀን ልጃችን ወረቀት ያወጣልን ይሆናል፤ ዕድሌን በገዛ እጄ አልዘጋም» አሉ። ደም ብዛታቸውን ይዘው ተቀመጡ።

በ2025 ነገሩ ተለወጠ። ካሊፎርኒያ «ወጪው ካሰብኩት በላይ ሆነ፤ ካዝናዬ ጎደለ» አለች። ኢሊኖይም ከ42 እስከ 64 ዓመት ላሉት ከፍታው የነበረውን በሐምሌ 2025 ዘጋች። ካሊፎርኒያ ግን የገቡትን አላስወጣችም። ከጥር 2026 ጀምሮ ወረቀት የሌለው አዋቂ ሰው በአዲስ መመዝገብ አይችልም አለች። ነፍሰ ጡርና ድንገተኛ በሽተኛ ብቻ ይታያል።

ባለቤታቸው ሐሳባቸውን ቀይረው «እንግዲህ ልመዝገብ» ያሉት በየካቲት 2026 ነው።

አንድ አልጋ ላይ የሚያድሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ካርድ አላቸው፣ አንዷ የላቸውም።

ደብዳቤው

ካርድ ያላቸውም ቢሆኑ ተደላድለው አልተቀመጡም። እኛ አገር የጤና መድን መታወቂያ በየዓመቱ እንደሚታደስ ታውቃላችሁ። እዚያም እንዲሁ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ በፖስታ ደብዳቤ ይመጣል። ደብዳቤው ይጠይቃል። ገቢህ ስንት ነው? ቤትህ ስንት ሰው አለ? አድራሻህ ያው ነው? በቀኑ ሞልቶ፣ ፈርሞ መመለስ ነው። ቀኑ ካለፈ መድኑ ይቋረጣል። በሦስት ወር ውስጥ ካስተካከለ ይመለስለታል። ሦስት ወሩ ካለፈ ግን ለወረቀት አልባው ሰው አለቀ። ዳግመኛ አይገባም። በሩ ለአዲስ ገቢ ተዘግቷላ!

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ በሁለት ዓመት የስፓኝኛ ትምህርት የሚያነቡ ሰው ይዘውታል። የእርሻ ሠራተኛ ደግሞ ፍሬውን እየተከተለ ቤት ይቀያይራል። ደብዳቤው በአሮጌው አድራሻ ሄዶ ሊቀር ይችላል። ሚሽቴክኛ ደግሞ በመንደሮቹ የሚነገር እንጂ ሰው በየቤቱ የሚያነበው ቋንቋ አይደለም፤ በሚሽቴክኛ ተጽፎ ቢመጣላቸውም እሳቸው አያነቡትም።

ፊደል ሳታውቁ ደብዳቤ ተቀብላችሁ የምታውቁ ይህ ስሜት አይጠፋችሁም። ወረቀቱን ገልብጦ ማየት። ማኅተሙን ማየት። ከጎረቤት ልጅ ዘንድ ይዞ መሄድ። ልጁ ቃሉን ዘሎት ይሆን እያሉ መጠራጠር። የእኒህ ሰው ደብዳቤ የሚነበበው በልጅ ልጃቸው ነው። ዕድሜዋ 12 ነው። ስለ አያቷ ኩላሊት፣ ስለ ሽንታቸው፣ ስለ ገቢያቸው ጮክ ብላ ታነባለች። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

ሌላም ስጋት አለ። በጥር 2025 የስደተኛ ፖሊስ ከሐኪም ቤት፣ ከትምህርት ቤትና ከቤተ ክርስቲያን ራቅ እንዲል ያዝ የነበረው መመሪያ ተሻረ። በሰኔ 2025 ደግሞ የማዕከላዊው መንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት የመድን ተመዝጋቢዎችን ስምና አድራሻ ለስደተኛ ተቆጣጣሪዎች አሳልፎ መስጠቱ ተሰማ። ካሊፎርኒያና ሌሎች ክፍለ ሀገሮች ከሰሱ፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ገባ። በሽተኛው ግን የፍርድ ቤቱን ቃል አይጠብቅም። ቀጠሮውን ይተዋል። እኛ እንደምናየው፣ ሰው አድራሻውን ለሐኪም የሰጠው እንዲታከም ነው። ለሌላ ነገር መዋሉ በሽታ መደበቅን ያስተምራል።

በማሳ ዳር የምትመጣው ሴት

ሁሉም ነገር የጨለመ አይደለም። በ1962 አሜሪካ ለእርሻ ተዘዋዋሪ ሠራተኞች ክሊኒክ የሚያቆም ሕግ አውጥታ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየእርሻ ከተማው የሕዝብ ክሊኒኮች ቆመዋል። የሚያስከፍሉት እንደ ሰው ገቢ ነው፤ ድሃ ጥቂት ይከፍላል። ትልቅ ቀዶ ሕክምና አይሠሩም። ለደም ብዛት፣ ለስኳር፣ ለክትባት ግን ይበቃሉ።

ከክሊኒኮቹ ጋር «ፕሮሞቶራ» የሚሏቸው ሴቶች ይሠራሉ። የእኛን አገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አስቡ፤ እንደነሱ ናቸው። ብዙዎቹ ራሳቸው ፍሬ የለቀሙ ናቸው። ጎህ ሲቀድ ሠራተኞቹ ከሚሰበሰቡበት ይሄዳሉ። በምሳ ሰዓት ማሳ ዳር ይመጣሉ። ማታ ቤት ለቤት ይዞራሉ። አንዳንዶቹ ሚሽቴክኛ ይናገራሉ። መጀመሪያ ስለ ልጆች፣ ስለ ቤት ይጠይቃሉ። ስለ በሽታ የሚጠይቁት ቡና ከተጠጣ በኋላ ነው።

አንዲት ፕሮሞቶራ ወደነዚህ ባልና ሚስት ቤት መጣች እንበል። ለባልየው ኪኒን መጣች። ብልቃጡን ዘርግፋ ቆጠረች። ስኳሩ ልክ ነው። የደም ብዛቱ ኪኒን ግን ጎድሏል። ለ30 ቀን የተሰጠው በ15 ቀን ሊያልቅ ነው።

«ዶን፣ በቀን ሁለት እየዋጡ ነው እንዴ?» አለቻቸው። በእነሱ አገር ትልቅ ሰው «ዶን» ይባላል፤ ሴቷ «ዶኛ» ትባላለች። እኛ አባባ፣ እማማ እንደምንለው ነው።

ባልየው ዝም አሉ። ባለቤታቸው ወደ ምድጃው ዞሩ።

ለካ እየተካፈሉ ኖሯል። ለአንድ ሰው የታዘዘውን መድኃኒት ለሁለት መዋጥ በዚያ አገር የታወቀ ነገር ነው። ለእኛም አዲስ አይደለም። ሐኪሞች ግን አጥብቀው ይከለክሉታል። ለባል ልኩ የሆነ ለሚስት ሊበዛ ወይም ሊያንስ ይችላል። ኩላሊታቸው የደከመ ሰው ያንኑ ኪኒን ቢውጡ ሊጎዳቸው ይችላል።

ፕሮሞቶራዋ አልተቆጣችም። «ዶኛ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ ይከፈታል። እኔ እወስድዎታለሁ» አለች።

የእኛ ሰዎች

ይህ ነገር የሜክሲኮ ሰዎች ብቻ አይደለም። ከአገራችንም ልጆቻቸውን ሊጠይቁ በቪዛ ሄደው፣ ቀኑ አልፎባቸው የሚቀሩ እናቶችና አባቶች አሉ። ሕጉ ለነሱም ያው ነው። ልጅ ጥሩ ደመወዝ ቢያገኝም ለወላጁ መድን ማግኘት ይቸግረዋል። ስለዚህ የሚሄድ ዘመድ ካላችሁ አንድ ነገር አድርጉ። የሚውጡትን መድኃኒት ስምና መጠን፣ የሚያማቸውንም በሽታ በወረቀት ላይ ጻፉላቸው። ካርዳቸውን ከሐኪም ቤት ወስደው በቦርሳቸው ይያዙ። አሁን መጻፍ ትችላላችሁ። ድንገት ቢወድቁ የሚያየው ሐኪም ከዚያች ቁራጭ ወረቀት ብዙ ያውቃል።

ሐሙስ

ባለቤታቸው ሐሙስ ሄዱ። ደማቸው ተለካ። ከፍ ብሏል። የራሳቸው ኪኒን በራሳቸው ስም ተሰጣቸው፤ እንደ ገቢያቸው ጥቂት ከፈሉ። አንብበው ስለማያውቁ ፕሮሞቶራዋ ብልቃጡ ላይ ጠዋት ለሚዋጠው ፀሐይ፣ ማታ ለሚዋጠው ጨረቃ ሣለችላቸው። ሙሉ መድን ግን የላቸውም። ልባቸውን የሚያይ ስፔሻሊስት ቢያስፈልጋቸው ክሊኒኩ አይበቃም። ያን ጊዜ የሚቀረው የድንገተኛው በር ነው።

በዚያው ማታ የባልየው ደብዳቤ ደረሰ። የልጅ ልጃቸው አነበበችላቸው፤ እሳቸው ፈረሙ። ፊርማቸው ስማቸውን በትልልቅ ፊደል መጻፍ ነው፤ ጊዜ ይወስድባቸዋል። ልጅቷ እስኪጨርሱ ጠበቀችና ፖስታውን አሸገች። ደብዳቤው መድረስ ያለበት በወሩ መጨረሻ ነበር። ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።